“እኔ” በል፣ ጋሼ

ዘርዓብሩክ ሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ ባለው የሳሙና ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ለሱፐርቫይዘርነት ሁለት ጊዜ ኢንተርቪው ተደርጎ ሁለቴም ወድቋል። ሦስተኛው ነገ ስለሆነ፣ የእህቱ ልጅ ሄራን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ እየበሉ ታለማምደዋለች።

“ያ ማሽን የቆመ ጊዜ ማን ነው ያስተካከለው?”

“ልጆቹ ተረባረቡ፣ እግዚአብሔርም ረዳን።”

ሄራን አንጀቷ ቅጥል አለ። “ጋሼ! እግዚአብሔር ሱፐርቫይዘር ልሁን ብሎ አላመለከተም! ‘እኔ ነኝ’ በል።”

“እኔ እኔ ማለት ደግ አይደለም፣ ልጄ።”

የጠቀለለችውን ሳትጎርስ ትሪው ላይ መለሰችው። “እሺ፣ አንዴ ብቻ በል። ለእኔ ስትል።”

በማግስቱ ከኢንተርቪው እንደወጣ ደወለላት። “አልኩልሽ!”

“ተመስገን! ምን ሲሉህ?”

“ባለፈው ወር ሌብሉ ተገልብጦ የወጣው ሳሙና የማን ጥፋት ነው ሲሉኝ፣ ‘የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ሳላይ ያሳለፍኩት’ አልኩ።”

ሄራን ግንባሯን በመዳፏ መታች። “ጥፋቱ ላይ? ከስንቱ ጥያቄ መርጠህ ጥፋቱ ላይ?”

“አንዴ ብቻ አላልሽኝም እንዴ?”

“ሶ፣ ምን አለህ ሰውዬው?”

“ሳቀ። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለቱ አንዱ በሌላው ሲያላክክ ነበር አሉ። ሰኞ ጀምር አለኝ።”

“አገኘኸው ማለት ነው? ታዲያ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም፣ ጋሼ?”

“አገኘን በይ እንጂ” አለ ዘርዓብሩክ።

ሄራን ስልኩን ጆሮው ላይ ልትዘጋበት ምንም አልቀራትም።