የማይታጠብ ትንፋሽ

ወፍጮ የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው። አፏ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም ነበርና ሊሰድቧት ፈልገው ነው። እሷ ግን ስድቡን ይዛ መድረክ ወጣችበት። የሙዚቃ አሳታሚው፣ ትልቅ ትንሹ ጋሼ የሚለው ጠና ያለ ሰው፣ ውል ሲፈራረሙ «ስሙን እንኳ ትንሽ ለስለስ እናድርገው፣ የሴት ልጅ ስም ይምሰል» ቢላት፣ «ጋሼ፣ ወፍጮ ሲለሰልስ እኮ ዱቄቱ ይሻክራል» ብላ አሳቀችው። ሳቀና ተወው። አዲሱ የራፕ አልበሟ፣ አራት ዓመት ሙሉ የለፋችበት፣ እነሆ ቅዳሜ ሊወጣ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያለቀለት ቅጂ በስልኳ ደረሳት። ከእናቷ ጋር ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንደኛው ዘፈን ጀምረው ሰሙት። እናቷ እንደሆነች አስተያየት አታጣም።

«እዚህ ላይ ማንን ነው የምትሰድቢው?»

«የድሮ አለቃዬን።»

«እንደሱ ከሆነ ቀስ እያልሽ ስደቢው! ሰውየው አንዱንም ሳይሰማው አለፈ።»

ሁለቱም ግን የሚጠብቁት ሰባተኛውን ነበር። ሰባተኛው ዘፈን ከበሮ የለውም፤ ምቱ የእናትየዋ ትንፋሽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በክር ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ ስትሠራ የጥጥ ብናኝ ሳንባዋን ጨርሶታል። አየር ስትስብ ደረቷ ውስጥ ፉጨት አለ፣ ስታወጣ ሲርሲርታ፣ ከዚያ አጠር ያለች ሳል። ከሥራ ሲያሰናብቷት የፋብሪካው ሐኪም «ጉንፋን» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጣት። ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀ ጉንፋን! ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት በሻርፗ ጫፍ አፏን ሳትሸፍን አትተነፍስም፤ አውቶቡስ ውስጥ የሚገላምጣት ሰው ብዛት አሳፍሯታል። ትንፋሿን ለመቅዳት ወፍጮ ሦስት ወር ለምናታለች። በመጨረሻ «አንድ ጊዜ ብቻ! ሁለተኛ ብትጠይቂኝ እናትሽ አይደለሁም» ብላ ማይክሮፎኑን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

ሰባተኛው ጀመረ። የወፍጮ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ከሥሩ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ለስላሳ ከበሮ። ፉጨት የለም፣ ሲርሲርታ የለም። እናቷ ዘፈኑ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀች።

«እኔስ የታለሁ?» አለች።

ወፍጮ ሰባተኛውን መልሳ ከፈተችው፤ ያው ከበሮ ነው። «ነገ ሄጄ በሥነ ሥርዓት እጠይቃቸዋለሁ» አለች።

«ሥነ ሥርዓትሽን እኔ አውቀዋለሁ» አለች እናቷ።

ስቱዲዮው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣችው። የድምፅ ባለሙያው እንደ ልማዱ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ጆሮ ይሉታል። የሚኮራበት ሥራው ድምፅ ማጥራት ነው፣ እሱ «ማጠብ» ይለዋል፤ ከዘፋኝ ድምፅ ላይ ትንፋሹን፣ የምላስ ጠቅታውን፣ የወንበር ሲጥታውን እየለቀመ ያወጣል። ዘፋኞቹ «እሱ እጅ የገባ ሰው ሳይተነፍስ ይዘፍናል» እያሉ ያሙታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን ሐሜት ሰምቶት አያውቅም።

«ሰባተኛው ላይ ምን አደረግህ?»

«አጠብኩልሽ!» አለ ደስ ብሎት። «ከድምፅሽ ጎን፣ በሌላ መስመር ላይ፣ የአየር ማራገቢያ ድምፅ ተቀድቶ ነበር የመጣልኝ። ዘይት የጠማው ማራገቢያ። አውጥቼ ጣልኩትና ከበሮ ሠራሁበት።»

«ማራገቢያ?»

«ምነው?»

«እናቴ ናት።»

ጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ። ያን ዘፈን ወፍጮ እቤቷ፣ በተውሶ ኮምፒዩተር ቀድታ ነው የላከችለት፤ ፋይሉ ላይ «ሰባት» ከማለት በቀር ምንም አልጻፈችም። ቃል ቆጥባ የማታውቅ ሴት አንድ ቀን ብትቆጥብ ጉድ ሆነች። እሷ ኮምፒዩተሩን ስትመልስ የራሷን ቅጂ አጥፍታለች፣ እሱም የጣለውን ጠርጎታል። የእናትየዋ ትንፋሽ የትም የለም።

ጋሼ ጫጫታ ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ነገሩን ሲረዳ እንኳ ፊቱ አልተለወጠም። «እንዲያውም ደግ አደረገ» አለ። «ሰው ሳል ለመስማት ዘፈን አይከፍትም፣ ልጄ። ቅዳሜ ይወጣል ብለናል፣ ፖስተሩ ተሰቅሏል። በይ የማውጫ ፈቃዱን ፈርሚልኝ።»

«አልፈርምም። ያለ ፊርማዬ ደግሞ አንድም ዘፈን አይወጣም፤ ውሉ ላይ አለ።»

«ሰባተኛውን እንተወውና በቀሩት ስምንቱ ላይ ፈርሚ።»

«ያለ ሰባተኛው አልበም የለም።»

«የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ! አራት ዓመትሽን ውኃ ይበላዋል።»

«ይብላው!» አለች ወፍጮ ወረቀቱን ወደ እሱ መልሳ እየገፋች። «ፋብሪካው ጉንፋን ነው ብሎ አንዴ ሰርዟታል። በገዛ አፌ፣ በገዛ ዘፈኔ ሁለተኛ አልሰርዛትም።»

ስልኳን አውጥታ እናቷ ጋ ደወለች። እንደገና ልቅዳሽ ማለት አልቻለችም፤ ቃል ቃል ነው። «እማዬ፣ ትንፋሽሽ ጠፍቷል። ባለሙያው ማራገቢያ መስሎት ጣለው። ጋሼም ሰው ሳል መስማት አይፈልግም ይላል። ስለዚህ አልበሙን ትቼዋለሁ።»

እናቷ ጠየቀች፦ «ስንተኛ ፎቅ ነው ያላችሁት?»

«አራተኛ። ምን ልታደርጊ?»

ስልኩ ተዘጋ።

አንድ ሰዓት ያህል ተኮራርፈው ተቀመጡ፤ ያልተፈረመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ ጋሼ በአንድ በኩል፣ ወፍጮ በሌላ በኩል። ድንገት ጆሮ ቀና አለ። ሌላው ሰው ምንም አልሰማም።

«ማራገቢያው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ያለውን ሰምቶ አፈረና አንገቱን ደፋ።

ከደረጃው በኩል ፉጨት መጣ፣ ቀጥሎ ሲርሲርታ፣ ቀጥሎ ያቺ አጭር ሳል። ወፍጮ እየሮጠች ወጣች። እናቷ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ጨብጣ ቆማለች። ሻርፗ አንገቷ ላይ ነው፤ አፏ ተገልጧል።

«እንዳትደግፊኝ!» አለቻት።

ቀሪውን ደረጃ ብቻዋን ወጣችው። ጋሼ ደንግጦ ወንበር ሳበላት፣ ውኃ ቀዳላት። ሁለቱንም በእጇ ገፋች።

«የት ነው... የሚቀዳው? ቶሎ በሉ... ትንፋሼ ሳይረጋ!»

«እማዬ፣ መጀመሪያ የሚነፋውን መድኃኒትሽን ሳቢ።»

«በኋላ! ይሄን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት... ላርፍ ነው እንዴ?» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች፤ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሳል አልፈልግም ያሉት... እርስዎ ነዎት?»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሸሚዝዎ ያማረ ነው» አለችው። «ጥጥ ነው አይደል?»

ጋሼ ኮሌታውን ነካ።

ጆሮ ሁለት ማይክሮፎን ይዞ ሲሯሯጥ ወፍጮ አንዱን ተቀበለችው። «አንድ ይበቃናል። ሁለታችንም በአንዱ።»

«በአንድ ከገባ አይለያይም እኮ። በኋላ ላጥበው ብልም አልችልም።»

«ለዚሁ ነው።»

እናትና ልጅ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ጉንጭና ጉንጭ ሊነካካ ምንም ሳይቀረው አንድ ማይክሮፎን ፊት ቆሙ። ፉጨት፣ ሲርሲርታ፣ ሳል። ወፍጮ ሁለት ዙር አሳለፈች፣ ምቱን ያዘች፣ ገባች፦

«ሃያ ስድስት ዓመት ክር ስትፈትል ኖራ፣
ልብሱን እናንተ ለበሳችሁ፣ ብናኙ ቀረ ከሷ ጋራ፤
ጉንፋን ነው ብላችሁ ማኅተም መታችሁበት፣
ጉንፋን ከሆነማ ኑና ተንፍሱበት!»

እናቷ እጇን ወደ ሻርፗ አልሰደደችም። ትንፋሿ ሲፈጥን ልጅቷ ፈጠነች፣ ሲያዘግም አዘገመች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን የመራት ሴት አሁን እሷ መሪ ሆናለች። ከመስታወቱ ወዲህ ጋሼ ቆሞ ይሰማል። መሃል ላይ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሳና፣ ስሙ ያለበት ቦታ ላይ እሱ ቀድሞ ፈረመ።

ዘፈኑ አለቀ። ወፍጮ እያለቀሰች መድኃኒቱን ከእናቷ ቦርሳ ፈልጋ አወጣች። እናቷ ግን ከመሳቧ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች፣ በመስታወቱ ጆሮን አየችው።

«በል እንግዲህ» አለች፣ «እስቲ እጠበኝ!»

ጆሮ ይቺንም አልቆረጣትም። ቅዳሜ በወጣው አልበም ላይ ሰባተኛው ዘፈን የሚያልቀው በእሷ ነው።