የጾሙ ኬክ ውስጥ ምን አለ?

1.

ኬኩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ፣ «በጣም ቆንጆ ነው» በዪው። ፈገግ በዪ። በመቆንጠጫው አንስተሽ ካርቶን ውስጥ ክተቺ።

ሥልጠናው ይኸው ነው። የቤቱ ባለቤት አቶ ፈለቀ ለኔ የሰጡኝ ከዚህ አይበልጥም፤ ነገ ላንቺም ይህንኑ ይሰጡሻል።

2.

ስሜ ውባለም ይባላል። ነገ የምትለብሺው ጋዋን እስከ ዛሬ የኔ ነበር። ማን እንደሆንሽ አላውቅም። በሩ ላይ «የሽያጭ ሠራተኛ፣ ሴት፣ ፈገግታ ያላት» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፉ ስላየሁ ብቻ ነው አንቺ እያልኩ የምጽፍልሽ። ይህን ወረቀት ሼፍ አንዋር ከመጀመሪያው ትሪ ጋር ያቀብልሻል። ቁጥር የሰጠሁት መመሪያ እንዲመስል ነው፤ አቶ ፈለቀ ቢያዩትም መመሪያ መስሏቸው እንዲያልፉት። በቁጥሮቹ መሃል ንዴቴ ካመለጠኝ ግን አልሰበስበውም።

3.

ከባንኮኒው ኋላ በር አለ። መጋገሪያው እዚያ ነው።

አትገቢም።

ኬኩ የሚወጣው በትንሿ መስኮት ነው። የአንዋርን እጅ እንጂ ፊቱን እምብዛም አታዪም። ለምን እንደማንገባ አቶ ፈለቀን ብጠይቃቸው «ሙያውን ሰርቀሽ ማዶ ልትከፍቺበት?» አሉኝ። እኔ የምሸጠውን ኬክ ቀምሼ አላውቅም፣ እሳቸው ኬክ ቤት እንዳልከፍት ይሰጋሉ!

4.

አንድ ቀን አቶ ፈለቀ ለቀብር ሄዱ። አንዋር በሩን ከፈተና «ነይማ፣ የምትሸጪውን ቅመሺ» አለኝ።

የብርቱካን ኬክ ነበር። ማሳያው ላይ ደርቆ የሚጣለው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው። ልጣጩን ፈቅፍቆ እንደሚጨምርበት፣ ከሻይ ጋር እንደሚጥም፣ የጾም እንደሆነ፣ የጾሙ ሁሉ ከወተትና ከእንቁላል ነጻ እንደሆነ ነገረኝ። አፌ ውስጥ ሲሟሟ አፈርኩ። ስንቱን ሰው «ቆንጆ ነው» እያልኩ በባዶ ሜዳ ሸኝቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ የቀመስኩትን ነገርኩ። ሻይ ብቻ ሊጠጡ የገቡ ሰዎች ለቤታቸው አስጠቀለሉ። አቶ ፈለቀ ሲመለሱ ማሳያው ባዶ ነው። ደስ አላቸው። እንዴት እንደተሸጠ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

በማግስቱ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። ገበያ አመጣሁላቸው፣ ቁልፍ ገዙበት።

5.

ጥያቄ፦ «ወተት የለውም አይደል?»

ይህን የምትጠይቀው ወይንሸት ናት። ልጇ አቤኔዘር ወተት አይስማማውም፤ ጠብታ ከነካው ከንፈሩ ያብጣል። ስለዚህ ጾም ሆነ ፍስክ፣ የምትገዛለት የጾም ኬክ ነው። የምታውቀኝ ቢሆንም ሁሌም ትጠይቃለች። እናት ናታ።

መልስ፦ «የለውም፣ እህት ዓለም። የጾም ነው።»

እውነቴን ነበር። አንዋር በሩ ክፍት በነበረ ቀን የነገረኝን ነው የምነግራት።

6.

ከዚያ አቶ ፈለቀ ረከስ ያለ፣ የተዘጋጀ የኬክ ዱቄት አመጡ። ከተዘጋው በር ኋላ የተባለውን አንዋር በኋላ እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ።

አንዋር፦ ጋሼ፣ ይኼ እኮ የዱቄት ወተት አለበት። ጆንያው ላይ ተጽፏል። ለጾሙ አይሆንም።

አቶ ፈለቀ፦ ማን ያውቃል?

አንዋር፦ እሺ ለውባለም ልንገራት።

አቶ ፈለቀ፦ አንተ ጋግር። እሷ ትሽጥ። ምን አገናኛችሁ?

አንዋር ጋገረ። ለኔም አልነገረኝም። ልጆች አሉት፣ ሥራውን ይፈልገዋል። እሱንም ተቆጥቼዋለሁ፣ ፊት ለፊት።

7.

ቅዳሜ። የአቤኔዘር ልደት።

ጥያቄ፦ «ወተት የለውም አይደል?»

መልስ፦ «የለውም፣ እህት ዓለም። የጾም ነው።»

ካርቶኑን በሪባን አሰርኩላት።



ነበረው።



8.

ልጁ ተርፏል። መጀመሪያ ይህንን ልንገርሽ። በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት አደረሱት፤ ትንፋሹ ሊቋረጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

ወይንሸት ስትመጣ አቶ ፈለቀ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሷ ናት የነገረችሽ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሏት። እሷ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም።

«አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ስትነግሪኝ ግን የምታውቂ ትመስዪ ነበር» አለችና ወጣች።

የተባረርኩት «ለደንበኛ የተሳሳተ መረጃ በመስጠት» ነው። ትክክለኛውን መረጃ ቆልፈውበት! ጿሚዎቹም ወሬውን ሰምተው አሁን ከመንገዱ ማዶ ካለው ኬክ ቤት ይገዛሉ። ማዶ ያሉት ልጆች የሚሸጡትን ጠዋት ጠዋት ይቀምሳሉ አሉ። አቶ ፈለቀ «ገበያው ቀዝቅዟል» እያሉ ባዶ ወንበር ይቆጥራሉ። አሁንም በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ ዱቄቱም አልተለወጠም።

9.

የኔ መመሪያ አጭር ነው። ጠዋት መስኮቷን አንኳኪና «ዛሬ ምን ገባበት?» በዪው። አንዋር ከእንግዲህ እነግራታለሁ ብሎ ምሎልኛል። አቶ ፈለቀ ይሰሙሻል። ጋዋኑን በዕለቱ ሊያስወልቁሽ ይችላሉ፤ የቤት ኪራይ እንዳለብሽም እገምታለሁ። እኔም አለብኝ።

ወይንሸት አትመጣም። ሌላ እናት ግን ትመጣለች። ልጇ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ወደ አንዱ ኬክ ይጠቁማል። አቶ ፈለቀ ከካሸር ወንበራቸው ያዩሻል።

10.

ጥያቄ፦ «ወተት የለውም አይደል?»

መልስ፦