በረዶ የለመነው አዛናው

በቡሬ ዙሪያ አዛናውን በገና ጨዋታ የሚረታው አልነበረም። አብሮ አደጉ ያረጋል ግን ጥንጓን በወጉ ሳይመታ ነበር ለትምህርት አሜሪካ የሄደው። በኅዳር አንድ ቀን ከኮሌጁ የበረዶ ሆኪ ሜዳ ለአዛናው በቪዲዮ ደወለለት። የአዛናው እጮኛ ውቢት ስልኩን ነጠቀችው።

«እሰይ! በበረዶ ላይ ገና ይጫወታሉ፤ እየበረሩ እኮ ነው!»

«እኔም ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥንጓ የት እንዳለች እንኳ አልታየችኝም» አለ ያረጋል።

«እዚህስ መች ታይታህ ታውቅና!» አለ አዛናው። የሳቀለት የለም። «በረዶ ላይማ ማን ያቅተዋል? ራሱ ይገፋሃል።»

«እስቲ ሞክረዋ!» አለችው ውቢት።

ከዚያ ወዲህ ቄሱ እግዜር ሰብሉን ከበረዶ እንዲጠብቅ ምእመኑን ሲያስጸልዩ፣ አዛናው በልቡ በረዶ ይለምን ጀመር። በሳምንቱ ወረደለት፤ ያውም የገዛ ጤፉን አስተኝቶ። አባቱ ማሳው ዳር ቆመው ሲያዝኑ፣ እሱ የገና ዱላውን ይዞ ነጭ የለበሰው ሜዳ ላይ ወጣ።

«ውቢት፣ በስልክሽ ቅረጪኝ!»

ትንሽ ተንሸራተተና በጀርባው ተዘረረ። ውቢት እየሳቀች ስልኳን ነካ ነካ አደረገች።

«ለማን ነው የምትልኪው?» አለ እንደተጋደመ።

«ለያረጋል ነዋ! በየቀኑ ‹በረዶው ወረደ ወይ?› እያለ ይጠይቀኝ የለ!»