ዘነቡ ልትሄድ ነው

ዘነቡ ዕቃዋን ማደል ስትጀምር ጥራቮሎ ሰፈር ውስጥ አንድም ሰው «ምነው?» ብሎ አልጠየቃትም። ማን ይጠይቃል! ምጽዋ ከተያዘች ወዲህ የመኮንኖቹ ሚስቶች ድስታቸውን እየሸጡ፣ ልጆቻቸውን እያንጠለጠሉ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ይጎርፉ ነበር። ስለዚህ የመቶ አለቃ አሳምነው ሚስት «እኔም ልሄድ ነው» ስትል፣ ጎረቤቱ ሁሉ «መልካም መንገድ» እያለ ትሪውንም ፍራሹንም ተቀብሎ ገባ። ሰው ለመቀበል ሲሆን እጁ ፈጣን ነው።

ግድግዳ የምትጋራት ጽገም ተቀብላለች። የደረሳት ጋቢ ነው፤ ወፍራም፣ ገና ውሃ ያልነካው። ጽገ ልብስ ሰፊ ናት፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ተምራ ሐውን ከጉሮሮዋ እየጎተተች የምትናገር፣ ምላሷም እንደ መቀሷ የሚቆርጥ ሴት። ዘነቡን ግን ትወዳታለች። አሳምነው ከሞተ ገና አርባው አልደረሰም። የጦር ክፍሉ «በድንገተኛ አደጋ» ብሎ ጻፈላት፤ ቄሱ ግን ከወታደሮቹ ሰምተው ኖሮ «ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም» ብለው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሄዱ። ሰውየው ያለ ጸሎት ተቀበረ። ለቀስተኛውም «እግዜር ያጥናሽ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ጽገ ለዘነቡ መንገድ ብላ ሕምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች።

«እንኪ፣ ስንቅሽ።»

«አይ እትዬ ጽገ፣ ስንቅ አያስፈልገኝም።»

«እንዴት አያስፈልግሽም? አውሮፕላን ጣቢያው መድፍ የወደቀበት ቀን እኮ እዚያው ተዘርግተሽ ነው የምትውይው። ለመሆኑ ቃኘው ጦር ሰፈር ሄደሽ ለአውሮፕላኑ ስምሽን አስመዘገብሽ?»

ዘነቡ ግራ ገባት። «የምን ስም?»

ጽገ ዙሪያዋን ቃኘች። ሻንጣ የለም። ወሩ ነሐሴ ነው፤ በነሐሴ ብርድ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ጋቢውን ለጎረቤት ይሰጣል እንዴ?

ወንድሟ ደበሳይም እንዲሁ ነበር ያደረጋት። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከእስር በተፈታ በሳምንቱ፣ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ «ላንቺ ይሁን» አላት። እሷ ደንቆሮ፣ ደስ አላት! «የቐንየለይ» ብላ አመሰገነችው። ለወንድሟ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። ቤተሰቡ ለቄሱ «ልቡ ነው» ብሎ ዋሽቶ ፍትሐት አስደረገለት፤ ጽገም አፏን ዘግታ ስድስት ዓመት እሳት ስትውጥ ኖረች። ዛሬ ግን መዝጋት አልቻለችም።

«ኣንቲ ዘነቡ፣ እስቲ እይኝ። ራስሽን ልታጠፊ ነው?»

ዘነቡ አልደነገጠችም። እንዲያውም ቀለል ያላት መሰለች። «አዎ» አለች።

ጽገ ልትጮህ፣ በጥፊ ልትላት፣ ጎረቤት ልትጠራ ቃጣት። ሁሉንም ዋጠችና ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩም ታድሎ አልቋል።

«ለምን? ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ።»

«አሳምነው ገሃነም ገባ አሉኝ። የመጣው ሁሉ ጹሚ፣ ጸልዪ፣ አንቺ እንኳ ትጸድቂያለሽ ይለኛል። ብጸድቅ የት አገኘዋለሁ? ጨለማ ይፈራ ነበር እኮ፣ እትዬ! የመቶ አለቃ ሆኖ መብራት ሲጠፋ እጄን ነው የሚይዘው። እዚያ ብቻውን አልተወውም። በሄደበት መንገድ ከሄድኩ ያለበት እደርሳለሁ።»

የአምላክ ያለህ! ጽገ «ወንድሜ ደበሳይ ራሱን ነው ያጠፋው» አለች። በአማርኛም በትግርኛም ስትናገረው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ልቡን ታሞ አይደለም። የት እንዳለ አላውቅም። ቄሱም አያውቁም፤ ሄደው አላዩትም! ደበሳይ ግን በውሸትም ቢሆን ‹ማረው› ተብሎለታል። አሳምነውስ ማን አለው? ክፍሉ ረሳው፣ ቄሱ ከለከሉት፣ ጎረቤት ትሪውን ታቅፎ ገባ። በዚህች ምድር ላይ ‹ማረው› የምትይለት አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺም ከሄድሽ ማን አለው? ብቻውን የምትተዪውስ ያን ጊዜ ነው!»

ዘነቡ አንገቷን ደፋች። ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ብሎ የነበረው እንባ መጣ፤ ሲመጣም ትከሻዋን እያንገጫገጨ ነው። ጽገ «አይዞሽ» አላለቻትም። እቅፍ አድርጋ ይዛት ቆየችና እጇን ዘረጋች።

«ያዘጋጀሽውን አምጪ።»

ዘነቡ ከጓዳ አምጥታ ሰጠቻት። ጽገ ሳታየው ወስዳ ሽንት ቤት ጨመረችው።

«ዛሬ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። መታጠቢያ ቤት ብትገቢ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ ነው።»

«ሐሳቡ ተመልሶ ቢመጣብኝስ?»

«ይመጣል። ቀስቅሺኝ። አሁን በይለት።»

«እኔ ቄስ አይደለሁ...»

«ቄስ ነሽ ወይ አልኩሽ? በይለት!»

ዘነቡ አጎንብሳ ሞከረች። «አሳምነውን... ማረው።» ሹክሹክታ ነበር።

«አልተሰማም!» አለች ጽገ፣ እሷም እያለቀሰች። «እንደገና በይ!»