አርባ ቀን የማይነሳው ባለሰይፍ

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ በሰው ይሞላል፤ የሚመጡት ግን ለጠረጴዛው ነው። አሮጊቷ ወጌሻ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ጠረጴዛው ስንቱን ስብራት አጋድማ ያሸችበት፣ እንጨት አስደግፋ ያሰረችበት ነው። ሰው ሁሉ ራጅ ወዳለበት መሄድ ከጀመረ ወዲህ ግን አራት ዓመት ሙሉ በሯን ያንኳኳ በሽተኛ የለም። የልጅ ልጇ ታዲያ «የእማማ ጠረጴዛ ሰፊ ነው» ብላ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች። ካርታቸውን ይዘረጋሉ፣ «እንደምን ዋሉ» ይሏታል፣ ከዚያ በኋላ እሷና ግድግዳው አንድ ናቸው።

የልጅ ልጇ ጨዋታ ትፈጥራለች። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይሆናል፣ ዘንዶ ይገጥማል፣ ቁጥር ያለበት ዳይስ ይጥላል። የተመታ ሰው ከነፍስ ነጥቡ ይቀነስበታል። ደንቡ ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ተጽፏል፤ ሰኞ ለአሳታሚ ይላካል።

የዚያን ቅዳሜ የልጅ ልጅ ተብዬዋ የቆሰሉትን የምታድነውን ጀግና፣ ፈዋሿን፣ ከጨዋታው ላወጣት ነው አለች። ሁሉም ሰይፍ ካልያዝኩ ይላል፤ ፈዋሽ መሆን የሚፈልግ ጠፋ። ስለዚህ የቆሰለ ሰው አንድ ሌሊት ይተኛና ነጥቡ ሁሉ ይመለስለታል፤ አለቀ። ጓደኞቿም ተስማሙ።

አሮጊቷ ጥግዋ ላይ እርር ድብን አለች። እግሩ የተሰበረ ሰው አድሮ ይሮጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ቀጮ የሚሉት ጓደኛቸው ጨዋታ እኮ ነው እማማ አላት፣ በትህትና።

«ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ፈዋሿን ለእኔ ስጡኝ።»

ተያዩ። ይሉኝታ ይዟቸው ወንበር ሳቡላት። የፈዋሿን ወረቀትም ሰጧት፤ ማንበብ ስለማትችል ገልብጣ ክርኗን አስደገፈችበት።

ብዙም ሳይቆይ የቀጮ ባለሰይፍ ከገደል ወደቀ። ሁለት ነጥብ ቀረችው። ቶሎ ይፈውሱኝ አላት። እሷ ግን በምን ጎንህ ወደቅህ፣ ድንጋይ ላይ ነው አፈር ላይ፣ የእግር ጣትህ ይንቀሳቀሳል ትለው ጀመር። መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ግን መልሱ እየዘገየ መጣ፤ ሳያውቀው የራሱን እግር ከጠረጴዛው ስር ዘረጋ።

«ከጉልበት በታች ነው። አርባ ቀን አይነሳም። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ካልተገኘ ደግሞ እጄን አላስነካውም።»

«እነሱ ሲጫወቱ እኔ ተጎልቼ ልይ?»

«ታዲያስ። ተሰብሮ የተኛ ሰው ምን የሚያደርግ መስሎህ ነው?»

ያኔ ሦስት ወር ሙሉ ከዳይሱ ቁጥር በቀር ቃል ያልወጣት ሌላዋ ዝምተኛ ጓደኛቸው፣ ቀስተኛዬ እሱ ጋ ትቀራለች አለች። ዘንዶውን ትተው ተቀመጡ። ቀስተኛዋ ባለሰይፉን ቤትህ የሚጠብቅህ ማን ነው ብላ ጠየቀችው። ቀጮ ይህን አስቦበት አያውቅም። ማንም የለም አለ። ዳይሱን የነካ አልነበረም።

አሮጊቷ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሰው ጠረጴዛዋ ላይ ተጋድሞ፣ ቁጣውም ጉራውም ሲያልቅበት፣ እንዲህ ነበር የሚያወራት። ስንት ሚስጥር ሰምታለች። በሽተኛ ከጠፋ ወዲህ ግን የምትሰማው የሰዓቱን ቀጭ ቀጭታ ብቻ ነበር።

ሲመሽ እንግዶቹ ሄዱ። የልጅ ልጇ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች፣ ደስ ይል ነበር እማማ፣ ግን ጨዋታውን ያጓትተዋል፣ ገዢ ይሰለቻል፣ ያለ ፈዋሽ ነው የምልከው አለች። አሮጊቷ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች።

«የሚሰለቸው ይሰልች። እኔ አራት ዓመት ሰልችቶኝ አልሞትኩም። ቦርሳሽን አስቀምጪና ቁጭ በይ። ፈዋሿን መልሰሽ ጻፊያት፤ አጠገቡ የሚቀመጠውንም ሰው እንዳትረሺ። ስትጨርሺ ቃል በቃል ታነቢልኛለሽ። ፊደል ባልቆጥርም ፊትሽን አነባለሁና፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ።»