ሃያ አራተኛው ቀዳዳ

ዋጋሪ ካርዶቹን ሲሠራ ለደግ ነገር ብሎ ነበር። ዛሬም ለደግ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ነቀምቴ ውስጥ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከወሎ የመጣው ሰፋሪ ወለጋ ላይ ሲራገፍ፣ ባል አርጆ ጣቢያ፣ ሚስት ዲጋ ጣቢያ የተመደቡበት ቤተሰብ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። ዋጋሪ በሰፈራው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ነው። መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚያለቅሰው ሰው አንጀቱን በላው፤ አንድ ስም ከመዝገብ መፈለግ ደግሞ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የእርዳታ ወተት ካርቶን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ሰፋሪ ካርድ ሠራ፤ በየካርዱ ጠርዝ ላይ ሃያ አራት ቀዳዳ በሳ። አንዱ ቀዳዳ ወንድ ማለት ነው፣ ሌላው የላስታ ሰው፣ ሌላው ብቻውን የመጣ። ነገሩ ሰውየውን የሚመለከት ከሆነ ቀዳዳው እስከ ጠርዙ ድረስ በመቀስ ይከፈታል። ከዚያ የሚስቱን የድርቤን የሹራብ መርፌ በክምሩ ቀዳዳ ሰክቶ ሲያራግፈው፣ የተከፈቱት ይወድቃሉ፣ የቀሩት መርፌው ላይ ይንጠለጠላሉ። ሦስቴ አራቴ ሲደጋግመው የተፈለገው ሰው ጠረጴዛው ላይ ዱብ ይላል። በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ቤተሰብ አገናኘ።

ብልሃቱን ለራሱ አልያዘውም። በሁለት ገጽ ጽፎ በሾፌሮች እጅ ለየሰፈራ ጣቢያው ላከው። «ውሰዱት፤ እንደሚመቻችሁ ለውጡት፤ የጨመራችሁትን ግን ለሌላውም አሳውቁ» አለ። ሃያ አራተኛውን ቀዳዳ የሚያስፈልጋቸውን ይሙሉበት ብሎ ባዶውን ተወው።

አርጆ በኩል ያለው ጣቢያ ሞላው። «ሃያ አራት፦ ከጣቢያ የጠፋ።»

አለቃው ጓድ ጆቴ ይህን ሲያይ ደስ አለው። ሁሉም ጣቢያ እንዲጠቀምበት አዘዘ፤ የራሱንም ጠረጴዛ ወደ ዋጋሪ ክፍል አስገባ።

«ስማ ዋጋሪ፣ ጫካ ለጫካ መሯሯጥ ቀረልን» አለው። «የጠፋ ሰው የሚሄደው ሚስቱ ዘንድ ነው። ማን የማን ሚስት እንደሆነች ደግሞ እዚሁ መስኮት ላይ መጥተው ይነግሩናል። እዚያው ቤቷ ሄዶ መጠበቅ ነው።»

ዋጋሪ ሥራ ልልቀቅ አለ፤ አይሆንም ተባለ። ካርዶቹን ላቃጥል ብሎ አሰበ፤ ግልባጩ በየጣቢያው አለ፤ አሠራሩንም ያስተማራቸው ራሱ ነው። በገዛ እጁ የሠራው ቤት ከውጭ ተቆለፈበት።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሙሉነሽ የምትባል ሴት የአንድ ቀን ይለፍ ይዛ ከዲጋ በኩል መጣች።

«ወንድምዓለም፣ ባሌን ፈልግልኝ። ወልደሩፋኤል ይባላል፣ የላስታ ሰው ነው። ኮምቦልቻ ላይ እሱን በአንዱ መኪና፣ እኔን በሌላው ጫኑን።»

ዋጋሪ መርፌውን ሰካ። ወንድ። ላስታ። ብቻውን የመጣ። ሦስት ካርድ ወደቀ፤ ሁለተኛው ወልደሩፋኤል ነው፣ አርጆ። ደስ ብሎት ቀና ሊል ሲል አውራ ጣቱ የካርዱን ጠርዝ ዳሰሰ። ሃያ አራት ተከፍቷል። የአርጆ ካርዶች ታድሰው የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ሰውየው ጠፍቷል፤ የት እንደሄደም ግልጽ ነው፤ እሷን ፍለጋ።

ጆቴ ከሚጽፈው ቀና አለ። «ተገኘ?»

«የለም» አለ ዋጋሪ፣ ካርዱን በመዳፉ ሸፍኖ።

«የለም ማለት... ሞቷል ማለት ነው?» አለች ሙሉነሽ።

አዎ ቢላት ሐዘን ልትቀመጥ ነው፤ አይደለም ቢላት የጆቴ ጆሮ ሊቆም ነው። «ካርዱ የለም እናቴ። ሌላ አላውቅም» አላት። አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ብቻ ጠበቅ አደረገች። ዋጋሪ ይህን ማየት አልቻለም። ይለፏን ተቀብሎ ማህተም መታበትና፣ ባሏ በሕይወት መኖሩን ትወቅ ብሎ ካርዱን እጥፋቱ ውስጥ ሸጉጦ መለሰላት።

«መንደርሽ ስትገቢ ፊደል የቆጠረ ሰው ያንብብልሽ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ስትሄድ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ።

አንድ ነገር ግን ረስቷል። ሰፋሪ የሚበላው በወረቀት ነው። የሰው ወረቀት ይዞ የተገኘ ስንዴው ይቀርበታል እየተባሉ ነው የከረሙት። ሙሉነሽ ለበሩ ዘበኛ ይለፏን ስትዘረጋ የማታውቀው ካርድ ወደቀ። ደንግጣ አነሳችውና እየሮጠች ተመለሰች።

«ወንድምዓለም፣ ተሳስተህ የሰው ወረቀት ሰጠኸኝ።»

ዋጋሪ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አለቃውን ለይታ ነበር፤ ካርዱን በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለጆቴ ሰጠችው።

ጆቴ ስሙን አነበበ። ጠርዙን በጥፍሩ ቆጠረ። ዋጋሪን አየው። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ስንተኛው መንደር ነሽ?»

«ሰባት።»

«ባልሽ ተገኝቷል። ሰሞኑን አንቺው ዘንድ ይመጣል፤ ከቤትሽ አትራቂ።»

ሙሉነሽ በመስኮቱ እጇን አስገብታ የዋጋሪን እጅ ያዘች። ውስጡንም ጀርባውንም ሳመችው።

«የጠፋብኝን አገኘህልኝ» አለች እያለቀሰች። «ያንተንም ቤት እንዲህ ይሙላው።»

ዋጋሪ እጁን መንጠቅ እንኳ አልቻለም።