«አላውቅም» የማይባልበት መንደር

እኛ መንደር «አላውቅም» ብሎ ነገር የለም። መንገድ የጠፋበት ሰው መኪናውን አቁሞ «ወደ ገዳሙ በየት ነው?» ቢል፣ ደጅ የተቀመጠው ሁሉ ሳያመነታ ይጠቁመዋል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ። ሰውዬው ባናት በሚባለው ሜዳችን ላይ ሲዞር ቢመሽበት የራሱ ጉዳይ ነው። እንግዳን ያለ መልስ መሸኘት ነውር ነው፤ መሳሳት ግን ነውር ሆኖ አያውቅም።

ኔቨንካ ያደገችው እዚህ ነው፣ ያውም በዢቮይን እጅ። አባቷ ዢቮይን ዕድሜ ልኩን በትንሽ አውሮፕላን የሱፍ አበባ እርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ፣ በመብራት ሽቦ ሥር ሾልኮ የሚያልፍ ጉደኛ ነው። መብረር ያስተማራት እሱ ነው። ከሁሉ በፊት ያስጠናት ሕግም አንድ ነበር፦ «ፓይለት አያመነታም። ያመነታ ዕለት አበቃለት!»

ለአየር መንገድ ሥራ የቃል ፈተና ልትፈተን ወደ ቤልግሬድ የሄደች ዕለት፣ እናቷ ሩዣ እንደ ወጉ አንድ ጆግ ውኃ ከኋላዋ ደጁ ላይ ደፋች፤ መንገዷ እንደ ውኃ እንዲፈስላት። አባቷ ደግሞ ለማለፏ ድግስ አሳማ አረደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

«ቆይ እስቲ መጀመሪያ ትለፍ» ብትለው ሩዣ፣

«ማለፏን አውቃለሁ» አላት። ምን ያድርግ፣ የእኛው መንደር ሰው አይደል?

ፈተናው ደህና ጀምሮ ነበር። ስለ ደመናው፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ሞተሩ ጠየቋት፤ ሁሉንም መለሰች። በመጨረሻ አንድ ሽበታም ካፒቴን፣

«ጀነሬተሮቹ በሙሉ ቢጠፉብሽ ባትሪው ስንት ደቂቃ ያቆይሻል?» አላት።

አንብባዋለች፣ ቁጥሩ ግን ብን ብሎ ከጭንቅላቷ ጠፋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ቀና ብላ «አርባ አምስት!» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንደ ስሜ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ካፒቴኑ መነጽሩን አወለቀ።

«ሠላሳ ነው» አላት፣ ሳይቆጣ። «የጣለሽ ቁጥሩን መርሳትሽ አይደለም። ‹አላውቅም፣ መመሪያውን ልይ› ብትይኝ አሳልፍሽ ነበር። አንቺ ግን መቶ ሰው ከኋላሽ አስቀምጠሽ የሌለ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጠርሽላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ።»

አውቶቡስ ውስጥ ትንሽ አለቀሰች። መውደቁስ ቢያንገበግባትም ሦስት ወር ያልፋል። የከበዳት ሌላ ነው፦ የጣላት የአባቷ ትምህርት ነው። ይህን ለዚያ ኩሩ ሰው እንዴት አድርጋ ትንገረው? «ሞተር ላይ አጠበቁብኝ» ብትለውስ? አሰበችና ራሷን ታዘበች። ሌላ አርባ አምስት ልትፈጥር ነው!

ግቢው ስትደርስ አሳማው እሳት ላይ ይዞራል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠረጴዛውን ከቧል።

«ካፒቴናችን መጣች! ራኪያ ቅዱ!» አለ ጎረቤታቸው ስሬተን፣ የአረቄውን ጠርሙስ እያነሣ።

«ካፒቴን የለም፣ አጎቴ ስሬተን። ወደቅኩ።»

ስሬተን ጠርሙሱን መልሶ አስቀመጠ።

«ወይኔ፣ ውኃውን አሳንሼው ነው!» አለች ሩዣ።

«ዘመድ ስለሌላት ነው! እኔ አውቃለሁ!» አለ ስሬተን። ሌላውም ያውቃል፤ ለምን እንደወደቀች ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

«እንደሱ አይደለም» አለች፣ አባቷን እያየች። «የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነው፣ አባዬ። አላውቅም ማለት አቃተኝ። ማመንታት መሰለኝ።»

የዢቮይን ፊት ቀላ። ቢላዋውን አንስቶ ሥጋውን ይቆርጥ ጀመር። ኔቨንካ ልቧ ተሰበረ፤ ምነው አፌን በያዘኝ አለች።

ይኼኔ አንድ አቧራ የጠጣ መኪና አጥሩ አጠገብ ቆመና ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ደህና ዋላችሁ! ወደ ገዳሙ በየት ነው?»

እጅ ሁሉ ተነሣ። «በዚህ!» «በዚያ ነው እንጂ!» ስሬተን በያዘው አጥንት ጠቆመ። ሾፌሩ ግራ ቢገባው ወደ ዢቮይን ዞረ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ፣ አባት?»

የዢቮይን እጅ ከነቢላዋው ተነሣ፤ እንደ ልማዱ። አየር ላይ ቀረ። ልጁን አያት። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«አላውቅም» አለ።

ስሬተን ራኪያው ትን አለው። «እንዴት አታውቅም? ሺህ ጊዜ በላዩ የበረርክበትን!»

«በላዩማ በረርኩ። ወደዚያ የሚያሻግረው ድልድይ ከፈረሰ ወዲህ መኪና በየት እንደሚያልፍ ግን አላውቅም። አንተም አታውቅም!» ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ውረድና ብላ፣ ወንድሜ። ልጄ ካርታ ታመጣለች፤ አብረን እናያለን።»

ኔቨንካ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ካርታውን አምጥታ ዘረጋችው፤ አባቷ ጠርዙን በብርጭቆው አስያዘላትና ከአሳማው ጥብስ ቆዳ፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሸውን መርጦ ሰጣት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር፣ በላች።

«ከሦስት ወር በኋላስ?» አለ ስሬተን፣ አላስችለው ብሎ። «ታልፋለች አይደል፣ ዢቮይን?»

ሁሉም ዞሮ አየው። ዢቮይን አላምጦ ዋጠ።

«አላውቅም» አለ። «የሚቀጥለውን አሳማ ግን ከፈተናው በኋላ ነው የምናርደው።»